በማን እጅ

ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

ቄስ ባንተአምላክ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው መጽሐፍ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ቅዳሴውን የሚመሩት ቄስ ወልደ ሥላሴ ዜማውን ረዘም አድርገው ስለያዙት ማንም ልብ አላለም። ከላይ ልብሰ ተክህኖ፣ ከሥሩ ነጭ ቀሚስ፣ ከቀሚሱ ሥር ደግሞ ሱሪ አለ፤ ስልኩ የተሸሸገው እዚያ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነው። ድምፁን አጥፍተውታል። መንቀጥቀጡን ግን አላጠፉትም፤ ይዘውት የገቡትም ለዚያው ነው።

ስልክ ይዞ መቅደስ መግባት ነውር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀድሱ አንድ ቀን አድርገውት አያውቁም። አምና ዲያቆን ተስፋው ረስቶ ይዞ ገብቶ በጸጥታው መካከል ቢጮህበት፣ በሰው ፊት ገሥጸው ለአንድ ወር ከአገልግሎት ያገዱት ራሳቸው ናቸው። ያው ተስፋው አሁን በግራቸው በኩል ጧፍ ይዞ ቆሟል። ይኼ ልጅ ኪሴን ቢፈትሸኝ ምን ይል ይሆን ብለው አሰቡና ፊታቸው ጋለ።

ስልክ ይባል እንጂ ደዋይ የለውም። ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለው የስኳር ክፍል ለአንድ ሳምንት ሙከራ የተሰጣቸው ነው። የልጃቸው የምሥራቅ ክንድ ላይ ሳንቲም የምታክል መለኪያ ተለጥፋለች፤ እሷ በየአምስት ደቂቃው የስኳሯን መጠን ትልካለች፣ ስልኩ ይቀበላል፣ ስኳሯ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። ከአሥር እርምጃ በላይ ከተራራቁ ግን አይገናኙም። ምሥራቅ ከመጋረጃው ወዲያ፣ በሴቶቹ በኩል፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ጠዋት ማንም ሳያያቸው በእርምጃ ለክተውታል፤ ዘጠኝ ነው።

ስልኩ ለሁለተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

ለቅዳሴ የገባ ካህን እስኪፈጸም አይወጣም። ቤቱ ቢቃጠል አይወጣም። ይህን ሕግ ለስንት ዲያቆን አስተምረዋል፤ ሲያስተምሩም ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ወደ ግራቸው ላለማየት አንገታቸውን አደንድነው፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ፊደል ላይ ተክለው፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቄስ ወልደ ሥላሴ በጎን ገልመጥ አደረጓቸው።

ወደ ግራ የማያዩት በተስፋው ምክንያት አይደለም። መብራት ያዡ የሚቆምበት ቦታ ስለሆነ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጧፍ ይዞ የቆመው የበኩር ልጃቸው ቢሆነኝ ነበር።

ቢሆነኝ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ዲቁና ከተቀበለ ሦስት ወሩ፣ ስኳር ከተገኘበት ሁለት ዓመቱ ነበር። ጠዋት እናቱ ያምሮት እንደ ወትሮው መርፌውን ወጋችው። መርፌው እንዳይስተጓጎል፣ ምግቡም እንዳይስተጓጎል ተብለው ነበር። መርፌውን አላስተጓጎሉም። ጾም ግን ለእነሱ ምግብ ማስተጓጎል አይደለም፤ ጾም ጾም ነው። ቅዳሴው በስድስት ሰዓት ገብቶ በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል፣ ያን ጊዜ ይበላል አሉ። እንዲህ ብለው ሲነጋገሩ ከሁለቱ አንዳቸውን እንኳ ነገሩ አልከነከናቸውም።

ከቅዳሴው እኩሌታ በኋላ የጧፉ ብርሃን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቄስ ባንተአምላክ ዞር ሲሉ ልጁ እያያቸው ነው። ላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ምንም አላለም፤ መቅደስ ውስጥ አይወራም። ዝም ብሎ አያቸው። አዲስ ዲያቆን ነው፣ ፈርቶ ነው ብለው አሰቡ። ቅንድባቸውን ሰብሰብ አድርገው በዓይናቸው፣ ቁም፣ አሉት።

ቆመ። እስኪፈጸም ድረስ ቆመ። ኅብስቱ በሚዘጋጅበት በቤተልሔሙ ደጃፍ ላይ ነው የወደቀው። በቃሬዛ ተሸክመውት ቡሬ ሳይደርሱ አለፈ።

ያንን አስተያየት ያየ የለም። ቄስ ባንተአምላክም ለማንም አልነገሩም፤ ለሚስታቸው እንኳ። ከዚያ ወዲህ ግን በቀደሱ ቁጥር ከቅዳሴው እኩሌታ በኋላ በግራ በኩል ያለው ብርሃን ይንቀጠቀጥባቸዋል። የተስፋው እጅ የጸና ነው፣ ያውቃሉ። ቢሆንም ይንቀጠቀጣል። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ፣ እስኪፈቅዱለት እየጠበቀ፣ እያያቸው ነው።

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ስኳሯ ወርዶ ወርዶ አሁን የት ደርሶ ይሆን? እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሊሄድ ሲል ገቱት። ተስፋውን ጠቅሰው ልኬ ላስጠራት ይሆን? እሱም የቅዳሴው ልዑክ ነው፤ አይወጣም። መጋረጃው ሲገለጥ አያታለሁ ብለው ጠበቁ።

መጋረጃው ተገለጠ። የምሥራቅ ቦታ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሴ እንዴት እንደጨረሱት አያስታውሱም። አፋቸው አልተሳሳተም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ አፍ ነው። ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ ብሎ እንዳሰናበተ ልብሰ ተክህኖውን ለተስፋው አሸክመው በባዶ እግራቸው ወጡ። በቤተልሔሙ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አለፉ ማለት ይቀላል።

ምሥራቅ ከአጥሩ ጥግ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች። ጭኗ ላይ የስኳር መቋጠሪያ ጨርቅ ተዘርግቷል። ነጠላዋ በሥርዓት እንደተጣፋ ነው።

"ምነው አባ? ጫማዎትስ?" አለች።

አጠገቧ ተንበርክከው ግንባሯን ዳሰሱ፣ እጇን ዳሰሱ። ደረቅና ሞቅ ያለ ነው።

"መቼ ወጣሽ?"

"ወንጌል ሊነበብ ሲል። ጉልበቴን ከዳኝ፣ ከንፈሬንም ነዘረኝ። ሲጀምረኝ እንዲያ ነው የሚያደርገኝ። ስኳሩን ቃምሁና ትንሽ ቆይቼ ዳቦ በላሁ። አንዲት አሮጊት የቄስ ልጅ በቅዳሴ ሰዓት ስትበላ ብለው አማተቡብኝ።"

"ለምን ለሰው አልተናገርሽም? ብትወድቂስ?"

"ለማን ልናገር? እርስዎ እንደሁ አይወጡ።"

ይህን ያለችው ሳትወቅሳቸው ነው፤ ዝናብ አይዘንብም እንደሚባለው ነው ያለችው። ቄስ ባንተአምላክ ስልኩን አወጡና ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ምሥራቅ ከእጃቸው ወስዳ አነበበችው፤ አምስተኛ ክፍል ናት፣ የስኳር ክፍሏ ነርስም ቃላቱን በወረቀት ጽፋላታለች።

"ስኳሬ ወረደ አላለም እኮ፣ አባ። ሦስቱም ጊዜ ያለው ጠፋችብኝ ነው። ከወጣሁ በኋላ ነው የተንቀጠቀጠው። ራቅሁበታ።"

ያን ሁሉ ሰዓት ያስጨነቃቸው ስልክ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እሷ ስኳሯ መውረዱን አውቃ፣ ወጥታ፣ በልታ፣ ተርፋ ተቀምጣለች፤ እሱ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ እንደሳቸው ይፈልጋታል። ሊስቁ ፈለጉ፤ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም። በቀሚሳቸው እጅጌ ፊታቸውን ጠረጉ።

እስከ ሐሙስ መምረጥ አለባቸው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአካባቢው ላሉ አራት ልጆች መርፌን የሚተካ የኢንሱሊን ፓምፕ ሰጥቶ፣ ከአራቱ አንዷ ምሥራቅ ሆናለች። ፓምፑ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱም መድኃኒቱን ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ እያደረጉ ከቆዳ ሥር ያስገባሉ። አንደኛው ክንድ ላይ ተለጥፎ የሚቀመጥ፣ ምንም መጫኛ የሌለው ነው፤ የሚያዘውም የሚያቆመውም ወላጅ በሚይዘው ስልክ ነው። ሁለተኛው ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሳጥን ሲሆን ቀጭን ቱቦ አለው፤ መጫኛዎቹ እላዩ ላይ ናቸው፣ የታጠቀው ሰው ራሱ ያዘዋል፣ ራሱ ያቆመዋል። ሁለቱም ከመለኪያዋ ጋር ይሠራሉ። ቄስ ባንተአምላክ ገና ያዩት ቀን ባለ ስልኩን መርጠው ጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከእጃቸው እንዲወጣ አይፈልጉም። ያምሮትም የፈለገችው እሱኑ ነው።

ማክሰኞ ጤፍ ሲያጭዱ ዋሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ያምሮት ምሳ ይዛ መጣች፤ እጃቸውን አስታጥባ፣ አቅርባ፣ ራቅ ብላ ነዶው ላይ ተቀመጠች። ያምሮት ከቢሆነኝ ወዲህ ቀጥና ቀጥና የቀድሞ ቀሚሷ ሁለት ሰው ይችላል። መርፌ በእጇ አትይዝም፤ የተቀደደ ልብስ እንኳ ጎረቤት ነው የሚሰፋላት። ምሥራቅን ስኳር የያዛት ቢሆነኝ በሞተ በዓመቱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሊያለማምዷት መርፌውን ሲሰጧት ከእጇ ወደቀ፣ እሷም አብራ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ የሚወጓት አባቷ ናቸው፤ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ደግሞ ራሷ ትወጋለች። ያምሮት የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሙቀት እንዳያገኘው የተቀበረበትን ማሰሮ በዙሪያው ያለው አሸዋ እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣዋለች። በየሁለት ወሩም የቢሆነኝን ነጭ ቀሚስ ከሣጥን አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ቄስ ባንተአምላክ ቀሚሱ አጥሩ ላይ በተሰጣ ቀን ወደ ቤት የሚገቡት በጓሮ ዞረው ነው።

"ሐሙስ ባለ ስልኩን ተቀብለን እንመጣለን አይደል?" አለች።

"እሱን ነው የማስበው። እሁድ ያየሁት ነገር ልቤን ከፍሎታል።"

"ምን ያስባሉ? ልጅ ናት። ልጅ በራሷ እጅ መድኃኒት ትዘዝ ይባላል? እርስዎ ይያዙት፣ እርስዎ ይዘዙት፣ እኔም እፎይ ልበል። እኔ እንደሁ እጄ እንዳይነካው ምያለሁ።"

"ስልኩ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል። መብራቱ ከጠፋ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ለቻርጅ ቡሬ ድረስ ስንመላለስ ልንኖር ነው። ያ ሳጥን ግን የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፣ ከየሱቁ የሚገኝ።"

"ቡሬ እኔ እመላለሳለሁ።"

"ስቀድስስ?"

ያምሮት ረጋ ብላ፣ ብዙ ቀን ስታብሰለስለው እንደነበረ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ "ቅዳሴውን ይተዉት" አለች። "ሌላ ካህን አይጠፋም። ይህች ልጅ ግን ሌላ የለችንም።"

እሳቸውም አስበውት ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲያስቡት ውለዋል። አንድ ነገር ብቻ አላስኬድ አላቸው፤ ቢተዉትም በእርሻ ይውላሉ፣ ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ እሷም ትምህርት ቤት ትውላለች። አሥር እርምጃ ነው የተሰጣቸው። ዕድሜ ልክ አሥር እርምጃ ውስጥ ማን ይኖራል? ደግሞም ከዚህ ሁሉ በታች ሌላ ነገር አለ፤ ያንን ሳይናገሩ ይህን መወሰን እንደማይችሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ ታውቋቸዋል።

እንጀራውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

"ያምሮት፣ የዚያን ቀን ልጁ አይቶኝ ነበር።"

"የቱ ልጅ?" አለች፤ ግን ገብቷታል፤ ፊቷ ከመልሱ በፊት ተለወጠ።

"ቢሆነኝ። ከወንጌል በኋላ ነው። ጧፉ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። አልቦት ነበር። ዞር ስል አየኝ።"

"እና?"

"ፈርቶ መሰለኝ። ቁም አልሁት።"

"አፍ አውጥተህ?"

ካገባቻቸው ጀምሮ አንተ ብላቸው አታውቅም። ቄስ ባንተአምላክ መሬት መሬት አዩ።

"በዓይኔ" አሉ።

"ቆመ?"

"ቆመ።"

ያምሮት ተነሣች። የምትሄድበት ያላት አይመስልም፤ ማጭዱን ከመሬት አንሥታ ያልታጨደው ጋ ደረሰችና ጎንበስ ብላ ማጨድ ጀመረች። የሴት ሥራ አይደለም የሚላት አልነበረም። አንድ ትልም ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ጀመረች። ቄስ ባንተአምላክ እህሉ ፊት እንደተቀመጡ ቀሩ፤ ዝንቡንም እሽ አላሉት። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ከሩቅ የምትሠራ ሰው ጀርባ ብቻ ማየት ከባድ ነው።

ተመልሳ ስትመጣ መዳፏ በጤፉ አገዳ ተላልጦ ደምቷል።

"ሦስት ዓመት" አለች። "ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ በእጄ ገደልሁት ስል፣ ይህን እጄን ሳላየው ልኑር ስል፣ አብረኸኝ በላህ፣ አብረኸኝ ተኛህ። አንድ ቀን፣ እኔም አለሁበት፣ አላልኸኝም።"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

"አንችን። ደግሞ የተናገርሁት እንደሁ የእውነት ይሆናል ብዬ።"

ያምሮት መዳፏን በመቀነቷ ጫፍ ጠቅልላ ተቀመጠች። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው በሬዎቹን እየነዳ ይጮሃል። በመጨረሻ የተናገረችው እሷ ናት፤ ድምጿ ውስጥ ይቅርታ አልነበረም፣ ግን ቁጣውም ሌላ ነገር ማሰብ አልከለከላትም።

"ምሥራቅ እሁድ ማንን ጠይቃ ወጣች?"

"ማንንም አልጠየቀች።"

"እሱ ጠየቀ" አለች ያምሮት።

ሐሙስ በማለዳ ሦስቱም ከቡሬ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ምሥራቅ በመሐላቸው ተቀምጣ አንዴ ወደ እናቷ፣ አንዴ ወደ አባቷ ታያለች። ከማክሰኞ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደተቀየረ ገብቷታል፤ እናቷ ምግብ ስታቀርብ የአባቷን ፊት አታይም፣ አባቷም ቶሎ ይጠግባሉ። የስኳሬ ነገር ነው ያጣላቸው ብላ ስለፈራች ሳንባ ምች እንደያዘው ሰው ትንፋሿን ቆጥባ ነበር የተቀመጠችው።

የስኳር ክፍሏ ነርስ ሲስተር ፍሬሕይወት ሁለቱን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀቻቸው። ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ሰው ሳይጨርስ የሚገባት ሴት ናት።

"ቄስ፣ ባለ ስልኩን ነው አይደል?" ብላ አንደኛውን ካርቶን መክፈት ጀመረች።

"ኧረ ቆይ እስቲ፣ ልጄ። ያኛውን ነው።"

ሲስተር ፍሬሕይወት እጇን አንሥታ አየቻቸው። "ባለፈው በጣም ወደውት አልነበረም እንዴ?"

"ወድጀው ነበር። እኔ የማልደርስበት ቦታ ብዙ ነው።"

ነርሷ ያምሮትን አየቻት። ያምሮት አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ሲስተር ወንበሯን ስባ ምሥራቅ ፊት ተቀመጠችና ወላጆቹ እንደሌሉ ሁሉ ትጠይቃት ጀመር።

"ስኳርሽ ወርዶ ስልሳ ቢገባ?"

"አቆመዋለሁ፣ ስኳር እቅማለሁ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቼ መልሼ አያለሁ።"

"ቱቦው ቢነቀል፣ ወይ ሳጥኑ ቢበላሽብሽ?"

"በመርፌ እወጋለሁ። ማሰሮው ውስጥ ምንጊዜም ተቀማጭ አለ፣ እማ ውሃ ታጠጣዋለች። አራት ሰዓት ያለ መድኃኒት አልቆይም።"

"መንገድ ቢዘጋና እዚህ መምጣት ቢያቅትሽ፣ ቱቦውም ቢያልቅ?"

"ያው በመርፌ። እስኪከፈት።"

"ሰው ቢቆጣሽስ? አስተማሪ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው፣ አሁን አትብዪ፣ አሁን አትውጪ ቢልሽ?"

የምሥራቅ ዓይን ወደ አባቷ ሄደ። ቄስ ባንተአምላክ አዩት፤ ያው አስተያየት ነው። ላብ የለውም፣ ጧፍ የለውም፣ ግን እሱው ነው፤ አንድ ልጅ ትልቅ ሰው እስኪፈቅድለት የሚያይበት ዓይን። ከሞተ ወዲህ ቢሆነኝን እንዲህ ቅርብ ሆኖ ያዩበት ቀን የለም፤ በብርሃን፣ በቀን፣ በእህቱ ፊት ላይ።

"እበላለሁ" አለች ምሥራቅ፣ አሁንም እሳቸውን እያየች፣ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሲስተር ፍሬሕይወት ፈገግ አለች። ሳጥኑን ከካርቶኑ አውጥታ የባትሪ ድንጋይ ከተተችበት፤ ትንሽ መስኮቱ በራ። ቱቦውን አያይዛ፣ ቆዳዋን አጽድታ፣ ስትለጥፈው ያምሮት ፊቷን አላዞረችም። መጨረሻ ላይ የተላጠ መዳፏን ዘርግታ ቀበቶውን ልጇ ወገብ ላይ ራሷ አሰረችው።

"አንድ ነገር ቀረን" አለች ሲስተር። ሳጥኑን ወደ ቄስ ባንተአምላክ አዞረችው። መስኮቱ ላይ አራት ባዶ ቦታ ይታያል። "ይኼ ልጆች እንዳይነካኩት መቆለፊያ ነው። አራት ቁጥር ያስገባሉ፤ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማዘዝም ማቆምም አትችልም። እስካሁን የወሰዱት ወላጆች ሁሉ ቆልፈውታል። እርስዎም የመጨረሻው ውሳኔ በእርስዎ እጅ እንዲሆን እንደሚፈልጉ ባለፈው ነግረውኛል።"

ነግረዋታል፣ እውነት ነው። ያምሮት ይህን እንዲወስኑት የተወችው ለሳቸው ነው፣ ለማገዝ ፈቀቅ አላለችም። ቄስ ባንተአምላክ ባዶዎቹን አራት ቦታዎች አዩ። ቁጥሮቹ ወዲያው መጡላቸው፤ ሳይፈልጓቸው መጡ፣ የቢሆነኝ የልደት ቀንና ወር። ጣታቸው ወደ ሳጥኑ ሄደ። በጣም ፈሩ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ልትሳሳት ትችላለች። አብዝታ ልታዝ፣ ረስታ ልትተኛ፣ ተቆጥታ ልትጥለው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ማን ፈቀደላት ይባላል?

ምሥራቅ ጠበቀች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ ታያቸው ነበር።

በዓይን መመለስ ይችሉ ነበር፤ ይገባት ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አይቆለፍ" አሉ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለች ሲስተር ፍሬሕይወት።

"አይደለሁም" አሉ ቄስ ባንተአምላክ። "ግን አይቆለፍ።"